ቁልፍ ሠሪ በእገሌ ሰፈር

ሥራሽ ምንድነው የሚለኝ ሰው ሲመጣ እናቴ ቀድማኝ ትመልሳለች፤ «ለማሽን ደብዳቤ ትጽፋለች» ትላለች። ስቄ አልፋለሁ እንጂ ብዙም አልተሳሳተችም። ሰዎች የኢንተርኔት መፈለጊያ ላይ አንድ ነገር ሲጠይቁ፣ ከሚመጣላቸው ዝርዝር አናት ላይ የደንበኞቼ ገጽ እንዲቀመጥ አድርጌ ጽሑፍ እጽፋለሁ። ከላይ ከሦስቱ አንዱ ያልሆነ ነጋዴ እንደሌለ ይቆጠራል። ሁለተኛው ገጽ ላይ የወደቀ ደግሞ ጓዳ ተቆልፎበት እንደሚጣራ ሰው ነው፤ ቢጮኽም የሚሰማው የለም።

ደንቡ ቀላል ነው። ፈላጊው የጻፈውን ቃል እንዳለ አርእስት ማድረግ። በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ለጥያቄው መልስ መስጠት። ከዚያ ቃሉን ሳያፍሩ መደጋገም፤ ማሽን አይሰለቸውም። እውነት ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። «የሃያ ዓመት ልምድ ያለን» ብዬ የጻፍኩለት ድርጅት ገና ወንበሮቹን ከላስቲክ አላወጣም ነበር። ሁሉም ይዋሻል፣ እኔ አሳምሬ እዋሻለሁ፤ በዚህም እኮራ ነበር። ይሄን የምለው ኩራቴ ምን እንዳስከተለብኝ ለመናገር ነው።

ታናሽ ወንድሜ ቁልፍ ሠሪ ነው። ሽቦ እንለዋለን፤ አንድም ቀጭን ስለሆነ፣ አንድም በአንዲት ሽቦ የማይከፍተው በር ስለሌለ። እሱ፣ እናቴና እኔ በሁለት ክፍል ቤት አብረን እንኖራለን። የእናቴ ዓይን ከደከመ አራት ዓመት ሆኖታል፤ ብርሃንና ጨለማ ከመለየት አያልፍም። ስለዚህ ሽቦ ሁልጊዜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሲገባ ጎንበስ ይልላታል፣ እሷም በአውራ ጣቷ የግራ ቅንድቡን ከላይ ትዳብሳለች። እዚያ ቦታ ላይ አጭር፣ ወፍራም ጠባሳ አለ። «ገባህ?» ትላለች። «ገባሁ እማዬ» ይላል። ከዚያ በኋላ ነው ቤታችን የሚመሸው።

ጠባሳው የኔ ሥራ ነው። እኔ ዘጠኝ፣ እሱ አምስት ዓመት ሆኖን፣ ካንተ ጋር አልጫወትም ብዬው ሲከተለኝ ተናድጄ የጓዳውን በር ፊቱ ላይ ወረወርኩት። መቀርቀሪያው ግንባሩን ከፈተው። ደሙን ሳይ ደግሞ በሩን ከውጭ ቆልፌ ሮጥኩ። እናቴ ከሥራ ስትመለስ «ድንጋይ ላይ ወድቆ ነው» አልኳት፣ እሱም አንገቱን ነቀነቀ። ካደግን በኋላ «እታለም፣ እንኳን ቆለፍሽብኝ፤ ያን ቀን ነው ሙያዬን የመረጥኩት» እያለ ይቀልድብኛል። እኔ ግን አንድም ቀን በደንብ አልሳቅኩም። ለእናቴም አልነገርኳትም።

እንግዲህ ሽቦ ሱቁ ውስጥ ዝንብ ሲያባርር መዋል ሲጀምር ያበሳጨኝ እሱ ሳይሆን ሰው ነው። ደጅ የተቆለፈበት ሰው ዛሬ ጎረቤት አይጠይቅም፤ ስልኩን አውጥቶ ይፈልጋል፣ አናት ላይ ላገኘው ይደውላል። እኔ የሌላውን ሁሉ ገጽ አናት ላይ እየሰቀልኩ የገዛ ወንድሜ ሲጠፋ ዝም ብዬ አላይም አልኩና ድረ ገጽ ሠራሁለት። በእኛ ሙያ ለየሰፈሩ አንድ አንድ ገጽ ይጻፋል። አንዱን ናሙና እጽፋለሁ፤ የሰፈሩ ስም በሚገባበት ቦታ ሁሉ «እገሌ ሰፈር» እላለሁ። ከዚያ እገሌን እያወጣሁ የእውነቱን ስም እተካለሁ። አርባ ሰፈር፣ አርባ ገጽ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ።

ናሙናው እንዲህ ይላል፦ «ቁልፍ ሠሪ በእገሌ ሰፈር። ደጅ ቀርተዋል? የቤት በር፣ የመኪና በር፣ የቢሮ በር ተቆልፎብዎታል? ፈጣንና አስተማማኝ ቁልፍ ሠሪያችን እገሌ ሰፈር በሃያ ደቂቃ ይደርሳል።» እንዲህ እያለ ይቀጥላል። «የተቆለፈ በር» የሚለውን ብቻ አሥራ አራት ጊዜ ነው የጻፍኩት።

አርባውን ስለቅ ናሙናውንም አብሬ ለቅቄው ኖሯል። ያወቅኩት በሳምንቱ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሪፖርቱን ስከፍት ነው። ሪፖርቱ ሰዎች ምን ብለው እንደፈለጉና የእኛ ገጽ ስንተኛ ሆኖ እንደታየ ይነግራል። አርባው ገጽ አሥራ ምናምነኛ፣ ሠላሳኛ ላይ ተዝረክርኳል። አርባ አንደኛው ግን አንደኛ ነበር። «ቁልፍ ሠሪ እገሌ ሰፈር» ብለው አሥራ ሰባት ሰዎች ፈልገዋል። እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ። በዓለም ላይ ስለ እገሌ ሰፈር የጻፍኩ እኔ ብቻ ነኛ፣ ማን ይቀድመኛል? ላጠፋው እጄን ሳነሳ ሽቦ ደወለ።

«እታለም፣ በረከት ነሽ! ዛሬ ሦስት ሰው ደወለልኝ።»

«ከየት?»

«እገሌ ሰፈር ነው ያሉኝ። ስሙ ያስቃል አይደል? መገኛውን ልከውልኝ በሞተሬ እየሄድኩ ነው።»

አንድ ቀልደኛ ነው ብዬ ተውኩት። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ገባ፣ ጎንበስ አለ፣ ተዳበሰ። ራት ስናቀርብ እንደ ልማዱ ቆሞ እየበላ ነገረን።

«ሰፈሩ አዲስ ነው መሰለኝ። አንድ ቤት፣ አንድ መኪና፣ አንድ ቢሮ፤ ደግሞ አንድ ቤት፣ አንድ መኪና፣ አንድ ቢሮ። እስከ መጨረሻው እንደዚያ ነው። ዛፍ የለ፣ ሱቅ የለ፣ ልጅ የለ። ሰዉ ሁሉ ደጅ ቆሟል።»

«ሁሉም ተቆልፎበት?» አለች እናቴ።

«ሁሉም። ከፍቼላቸው ስሄድ ምን ይሉኛል መሰለሽ? ‹ፈጣንና አስተማማኝ›። ሦስቱም። አንዲት ቃል ሳይለውጡ።»

እናቴ ሳቀች። እኔ ግን ጉርሻዬን መለስኩ። ተነስቼ ላፕቶፑን ከፈትኩና የገዛ ጽሑፌን እንደ ባዳ አነበብኩት። ዛፍ አልጻፍኩም። ሱቅም፣ ልጅም አልጻፍኩም።

ያኔውኑ ባጠፋው ኖሮ! ሽቦ ግን ሰው ፊት በር ተዘግቶ ማየት አይችልም፤ ለምን እንደማይችል ደግሞ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። «ገጹን ልዝጋው፣ ስህተት ነው» ስለው «ደጅ የቆሙትስ? እነሱም ስህተት ናቸው?» አለኝ። ለራሴም ልናዘዝ። አንደኛ የወጣ ገጽ ማጥፋት አንጀቴ እንቢ አለ። በአሥር ዓመት ሥራዬ እንዲህ በአንድ ቀን አናት ላይ የወጣልኝ ገጽ የለም።

በየቀኑ መሄድ ጀመረ። በየቀኑም ወሬው አጠረ። ትናንት የከፈተላት ሴትዮ ዛሬም እዚያው ደጅ ቆማ እንዳገኛት ነገረኝ። መልኳ ምን ይመስላል ብዬ ጠየቅኩት።

«ሳያት አያታለሁ» አለ። «ዞር ስል ግን ይጠፋብኛል።»

«ውስጡስ? ስትከፍተው ቤቱ ውስጥ ምን አለ?»

ቁልፎቹን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ እያሰለፈ ቆየ። «ነጭ ነው» አለ። «ቀለም እንዳልነካው ወረቀት። እነሱ ይገባሉ፣ በሩ ይዘጋል። ሌላ ነገር አላየሁም።»

ሐሙስ ጠዋት ሪፖርቱን ከፈትኩ። ጥያቄው ተለውጧል። «ቅርብ ያለ ቁልፍ ሠሪ እገሌ ሰፈር» የሚሉ በዝተዋል። ማሰብ እንኳ አልጠየቀኝም፤ እጄ ለምዷል። ቅርብ ያለ ለሚል ሰው ቅርብ ነን ይባላል። የቅርንጫፍ ሽታ የሌለው ድርጅት ሁሉ እንዲህ ነው የሚያስጽፈን። «በሃያ ደቂቃ ይደርሳል» የሚለውን አወጣሁና በቦታው «ቁልፍ ሠሪያችን እዚያው እገሌ ሰፈር ውስጥ ይገኛል፤ ቀንም ሌትም፣ ሁልጊዜ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ሻይ ላፈላ ተነሳሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከጣት የወጣውን ግን ማን ያስጠነቅቃል?

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደወለ። ድምፁ ከሳጥን ውስጥ የሚመጣ ይመስላል።

«እታለም፣ ሳቂብኝ እንጂ መንገድ ጠፋኝ። የገባሁበት መንገድ የለም።»

«እንዴት የለም? የመጣህበትን ተመለስ።»

«ተመለስኩ እኮ። ቤት ነው። ቤት፣ መኪና፣ ቢሮ። ሁሉም ተቆልፏል። ከፍቼ ልለፍ ብል...» ሲተነፍስ ይሰማኛል። «ለእማዬ ትንሽ እቆያለሁ በያት» አለና መስመሩ ተቋረጠ።

መልሼ ደወልኩ። በአንድ ጥሪ ተነሳ።

«ቁልፍ ሠሪ በእገሌ ሰፈር» አለ። የሽቦ ድምፅ ነው። «ደጅ ቀርተዋል?»

«ሽቦ! እኔ ነኝ!»

«የቤት በር ነው፣ የመኪና በር ነው፣ የቢሮ በር ነው?»

«እኔ ነኝ፣ እህትህ!»

ቃሉን እንደማያውቀው ሰው፣ «ፈጣንና አስተማማኝ ነን» አለኝ በትሕትና። ስልኩን ዘጋሁት። ላፕቶፑን ከፍቼ ገጹን ደግሜ አነበብኩት። ገጹ ላይ እህት አለችው የሚል ነገር አልነበረም።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን እናቴ ወደ በሩ አቅጣጫ ዞራ ተቀመጠች። «ሥራ በዝቶበታል፣ እዚያው ያድራል» አልኳት። አውራ ጣቷን በሌላው እጇ ይዛ «ተይው፣ ሥራ ከበዛ ደስ ይላል» አለች። አንጀቴን በላችው።

ገጹን ለማጥፋት ጣቴን ቁልፉ ላይ አድርጌ ብዙ ቆየሁ። ግን ገጹ ከጠፋ እሱ የት ይሆናል? ሰፈሩ የተሠራው እኔ በጻፍኩት ብቻ ከሆነ፣ መውጫውንም መጻፍ አለብኝ። ወንድሜንም ራሱን መጻፍ አለብኝ፤ ያለዚያ የሚወጣው በስልክ ያናገረኝ ሰውዬ ነው።

ዓርብን ሙሉ ጻፍኩ። ለማሽን ሳይሆን ለአንድ ሰው ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው፤ እንዴት እንደሚከብድ! መጀመሪያ መንገድ ጻፍኩ፦ ከሰፈሩ የሚወጣ፣ ሰፊ፣ ግራና ቀኙ ዛፍ ያለው፣ እኛ በር ድረስ የሚደርስ። ቀጥዬ ወንድሜን። ቅጥነቱን፣ በተሸረፈ ጥርሱ መሃል የሚያፏጨውን ፉጨት፣ ዚፑ የተበላሸ ጥቁር የመሣሪያ ቦርሳውን፣ ቆሞ መብላቱን፣ ያለ ቦታው የሚያመልጠውን ቀልዱን። እናትና ታላቅ እህት እንዳለው ጻፍኩ። ሁልጊዜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቤቱ እንደሚገባ ጻፍኩ። እየጻፍኩ የማላውቀው ብዙ ነገር እንዳለም አየሁ፤ በግራ ጎኑ ነው በቀኝ የሚተኛው? ማንን ይወድ ነበር? አብሮኝ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ኖሯል፣ ጠይቄው አላውቅም።

ግንባሩ ላይ ስደርስ ቆምኩ። እናቴ የልጇን ገጾች ስልኳ ጮክ ብሎ እንዲያነብላት ታደርጋለች፤ ሥራ ስትፈታ የምታዳምጠው እሱን ነው። «ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለው» ካልኩ ከየት መጣ ልትለኝ ነው። ድንጋይ ብዬ ደግሜ ልዋሽ? በዚህ ገጽ ላይ ውሸት ምን እንደሚያመጣ አይቻለሁ። እውነቱንም አልደፈርኩም። ስለ ግንባሩ ምንም ሳልጽፍ አለፍኩት። አንዲት መስመር ብትቀር ምን ይሆናል አልኩ።

የቀረው መጠበቅ ነበር። የተለወጠ ገጽ ወዲያው አይታይም፤ መፈለጊያው ዞሮ መጥቶ እስኪያነበው አንዳንዴ እንደ ሐሙሱ ሰዓታት፣ አንዳንዴ ቀናት ይፈጃል። ቅዳሜ ስልኩን ሞከርኩ፦ «ደጅ ቀርተዋል?» እሑድ ጠዋት ሞከርኩ፦ «ደጅ ቀርተዋል?» አዎ ቀርቻለሁ፣ አልኩት፤ ከዚያ በኋላ አልደወልኩም።

እሑድ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከውጭ ፉጨት ተሰማ። በሩ ተከፈተ። ሽቦ ነው፤ ዚፑ በተበላሸው ቦርሳ፣ በተሸረፈው ጥርሱ።

«ምን እንደ ሐውልት ትገተሪያለሽ እታለም? ቁልፍ ጠፋብሽ እንዴ?» አለ።

ተጠመጠምኩበት። አለቀስኩ፣ ሳቅኩ፣ ሰደብኩት። ሁሉም ነገሩ እንዳለ ነው። ከትከሻው ላይ አንስቶኝ ወደ እናቴ ሄደና ጎንበስ አለላት። እሷም አውራ ጣቷን አነሳች።

ዳበሰች። ጣቷ ቆመ። ወደ ቀኝ ሄዶ ተመለሰ። በሌላው ጣቷ ደገመች። እኔ ያኔ ነው ያየሁት። ከቅንድቡ በላይ ያለው ቆዳ ልስልስ ያለ ነበር፣ አንድም ነገር ያልነካው።

እናቴ እጇን ቀስ ብላ ወደ ጉያዋ መለሰች። «ገባህ?» አላለችም። ለእንግዳ በምትናገርበት ድምፅ «ይቀመጡ» አለችው። እሱ ግን እንደተጻፈለት ራቱን ቆሞ በላ፤ ቀለደ፣ አፏጨ። ሲተኛ በጀርባው ቀጥ ብሎ ነው የተኛው። በየትኛው ጎኑ እንደሚተኛ አልጻፍኩም ነበር።

ጠዋት ከጓዳ ስመለስ እናቴ ጠራችኝ። ክንዴን አጥብቃ ያዘች።

«ልጄ የት ነው?»

«እማዬ፣ እዚያ ተኝቶ...»

«የኔ ልጅ ግንባሩ ላይ የመቀርቀሪያ ምልክት አለው።»

ክው አልኩ። «የመቀርቀሪያ?»

«ድንጋይ እንዲያ ቀጥ አድርጎ ይቆርጣል እንዴ? የጓዳው በር ላይ ያለውን ደም ያጠብኩት እኔ አይደለሁ? ልጅ ነሽ፣ ፈርተሻል፣ አንድ ቀን ራስሽ ትነግሪኛለሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።» ክንዴን ለቀቀችኝ። «ሃያ አራት ዓመት ጠበቅኩሽ። አሁን ልጄን አምጪ።»

ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጥኩና ሪፖርቱን ከፈትኩ። ሌላ የማውቀው በር አልነበረኝም። ከእገሌ ሰፈር የሚመጣው ጥያቄ በሙሉ ቀርቷል፤ ቁልፍ ሠሪ የሚፈልግ የለም። አንድ መስመር ብቻ ነበር። ሐሙስ ዘጠኝ ጊዜ፣ ዓርብ ሠላሳ አንድ ጊዜ፣ ቅዳሜ ሁለት መቶ ጊዜ፣ እሑድ ልቆጥረው የማልችለው ያህል። ከአንድ ስልክ፣ አንድ ሰው፣ ያንኑ ቃል።

«የእህቴ ቤት በየት በኩል ነው»

ከጎኑ «የተገኘ ገጽ፦ የለም» ይላል። ስልኩን የሚመልሰው ሌላ ነው፣ አልጋው ላይ የተኛው ሌላ ነው፤ እሱ ግን ባዶውን መንገድ ላይ ቆሞ፣ እኔ ያልጻፍኩለትን ምልክት ግንባሩ ላይ ይዞ፣ ያለማቋረጥ ይጠይቃል። እንደዚያ ቀን ጓዳ ውስጥ። ያን ቀንም ስሜን እየጠራ ሲጮኽ እሰማው ነበር፤ ሰምቼ ነው የሮጥኩት።

ከወዲያኛው ክፍል ያኛው ተነስቷል። እያፏጨ ነው፤ እኔ በጻፍኩት ጥርስ፣ እኔ በጻፍኩት ዜማ።

አዲስ ገጽ ከፈትኩ። ደንቡን አውቀዋለሁ፤ ፈላጊው የጻፈውን ቃል እንዳለ አርእስት አደረግኩት። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ለጥያቄው መልስ መስጠት አለበት፤ እሱን ወደ ቤት የሚመራው ደግሞ ያስቀረሁት መስመር ነው። እናቴ ከኋላዬ መጥታ እጇን ትከሻዬ ላይ አደረገች፣ እኔም የምጽፈውን ጮክ ብዬ አነበብኩላት፦

«ወንድሜ ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለው። በሩን የዘጋሁበት እኔ ነኝ።»

ከወዲያኛው ክፍል ፉጨቱ ቆመ።